የመምህር ሕዋስ የመጀመሪያዋ ሕዋስ

እናትና አባቱ ያወጡለት ደህና ስም ነበረው፤ ግን ከርእሰ መምህሩ ቢሮ በቀር የሚያስታውሰው አልነበረም። ተማሪው ሁሉ የሚያውቀው «መምህር ሕዋስ» በሚለው ነው። ስሙን ከጀርባው ነበር ያወጡለት። እሱ ግን በሰማ ጊዜ መቆጣቱ ቀርቶ ደረቱን ነፋ። ባዮሎጂ የሚያስተምር ሰው «መምህር ጉበት» ወይም «መምህር ትል» ተብሎ ሊቀር ይችል ነበርና እውነትም እድለኛ ነው።

ሰውየው ስለ ሕዋስ ማውራት ከጀመረ ምግቡ ይቀዘቅዝበታል። ቤቱ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ በሕዋስ ሥርዓት ደልድሎታል። ባለቤቱ ኑክሊየስ ናት፤ ትእዛዝ የሚወጣው ከእሷ ነው፣ የቤቱ ምስጢርም ያለው እሷ ዘንድ ነው። እሱ ራሱ ማይቶኮንድሪያ ነው፤ የተበላውን ወደ ጉልበት እየለወጠ ቤቱን የሚያንቀሳቅስ። ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት። ይህን በሰማች ቁጥር መርፌዋን በከንፈሯ እንደያዘች ትስቃለች፤ ማይቶኮንድሪያው ከምሳ በኋላ ሶፋ ላይ ተዘርሮ ሲያንኮራፋ በየቀኑ ታየዋለችና።

አብረዋቸው የሚኖሩት አማቱ ደግሞ የሕዋሱ ሽፋን ናቸው። ወንበራቸው በሩ አጠገብ ነው። «ሽፋን ማለት ደረቅ ግድግዳ አይደለም፣ ዘበኛ ነው» ይላል መምህር ሕዋስ ክፍል ውስጥ። «የሚጠቅመውን እየለየ ያስገባል፣ ቆሻሻውን ያስወጣል። የባለቤቴ እናት እንደዚያ ናቸው። የኔን ጓደኞች የመደቧቸው ከቆሻሻው ጋር ነው።»

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ታሪክ ነበረው። በየዓመቱ የሕዋስ ትምህርት በሚጀመርበት ቀን ጠመኔውን ያስቀምጥና እጁን ይጠርጋል። ይሄኔ የፊት ወንበር ላይ ያሉት ጎበዞች እንኳ ማዛጋት ይጀምራሉ። ታሪኩን ከታላላቆቻቸው ሰምተውታል።

ልጅ ሳለ በትምህርት ቤታቸው አንዲት ማይክሮስኮፕ ነበረች። ተማሪው ተሰልፎ፣ ተራ በተራ እያጎነበሰ ያያል። የእሱ ተራ ሲደርስ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በሌላው ተመለከተ።

«ክብ ነበረች!» ይላል እጆቹን ዘርግቶ። «ዙሪያዋ ድቅድቅ ያለ ጥቁር፣ የተኳለች ነው የምትመስለው። መካከሏ ብርሃን ብቻ! ደግሞ ዝም ብላ አልተቀመጠችም፣ ሽርተት አለች! ሕይወት ማለት ይቺ ናት አልኩ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ!»

ቀና ሲል ከኋላው ተሰልፋ የነበረችው ልጅ ጎንበስ ብላ አየች። ብዙ ቆየች። «አየሽ?» አላት። «አየሁ» አለች። «ተንቀሳቀሰች አይደል?» «በጣም እንጂ!» ያቺ ልጅ የዛሬዋ ባለቤቱ ናት። «ሙያዬንም ትዳሬንም ያገኘሁት በአንድ ቀን፣ በአንዲት ሕዋስ ነው» ብሎ ይደመድማል። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሰው ቢደጋግመው አይፈረድበትም።

በማግስቱ ያው መምህር፣ በዚያው ሰሌዳ ፊት፣ ስለ አየር አረፋ ያስተምራል። ለማይክሮስኮፕ የሚዘጋጀው ነገር ላይ ውሃ ጠብ ተደርጎ ስስ መስታወት ሲከደንበት፣ የቸኮለ እጅ አየር ያስገባል፤ አየሩም አረፋ ይሠራል። በዚህ ነገር ምሕረት የለውም። «ዙሪያዋ ጥቁር፣ መካከሏ ባዶ፣ ስትነካ ሽርተት የምትል ነገር ካያችሁ አረፋ ናት! ሕዋስ ብሎ የሚስልልኝ ዜሮ ነው የሚያገኘው!»

ሰው መቼስ ጉደኛ ነው። እነዚህ ሁለት ትምህርቶች በመምህር ሕዋስ ራስ ውስጥ ጎን ለጎን ሲኖሩ አንድም ቀን ተገናኝተው ሰላም አልተባባሉም። አንደኛው የእውቀት ነው፣ ሌላኛው የፍቅር። መካከላቸው ሽፋን አለ፤ ያውም እንደ አማቱ ያለ፣ በቀላሉ የማያሳልፍ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ለመምህር ሕዋስ የነጋለት በወላጆች ቀን ነው። በዚያ ዓመት ትምህርት ቤቱ የሚያሳየውን ነገር አጉልቶ ግድግዳ ላይ የሚያበራ አዲስ ማይክሮስኮፕ አገኘ። መሣሪያውን የምታንቀሳቅሰው አዲሷ የቤተ ሙከራ መምህርት ሆነች፣ ንግግሩ የእሱ። ከሳምንት በፊት ጀምሮ በመስታወት ፊት ሲለማመድ ሰነበተ። ባለቤቱን የፊት ወንበር ላይ አስቀመጣት። «ያኔ ያየናትን ዛሬ ደግመን እናያታለን» አላት በጆሮዋ። እሷም የምትሰፋው ጨርቅ የተዘረጋበት ይመስል ጭኗን በመዳፏ አለሰለሰች፤ ስትጨነቅ እንደዚያ ታደርጋለች። አማቱም በር መጠበቁን ለአንድ ቀን ትተው መጥተዋል።

መምህርቷ ከሽንኩርት ላይ ስስ ልጣጭ ገፈፈች፣ ውሃ ጠብ አደረገች፣ መስታወቱን ከደነች። አዳራሹ ሙሉ ሰው እያያት ነውና ቸኮለች። እሱ በበኩሉ ታሪኩን ጀምሮ ሰልፉ ጋ ደርሷል። ጎንበስ አለ፤ አንድ ዓይኑን ጨፈነ። በዚህ ጊዜ መብራቱ በርቶ ግድግዳው ላይ የበርሜል ክዳን የሚያህል ክብ ነገር ጉብ አለ። ዙሪያው ጥቁር፣ መካከሉ ብርሃን።

«ይቻት!» ብሎ ጮኸ መምህር ሕዋስ። «ራሷ ናት! ያኔ በዓይኔ በብሌኑ ያየኋት! እዩልኝ፣ እዩልኝ!»

አዳራሹ አጨበጨበ። አማቱ ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ። መምህርቷ ግን ማይክሮስኮፑ ላይ እንዳጎነበሰች፣ ክፋት በሌለው ድምፅ፣

«ይቅርታ ጋሼ፣ እሱ አረፋ ነው። አሁን አስወጣዋለሁ» አለች።

የመስታወቱን ጠርዝ በእርሳስ ጫፍ ጫን አደረገችው። ክቧ ሽርተት፣ ሽርተት አለችና ከግድግዳው ጠፋች።

«ውይ በሞትኩት!» አሉ አማቱ። «ገደለቻት!»

ሰው በሳቅ ፈነዳ። ግድግዳው ላይ እውነተኞቹ የሽንኩርት ሕዋሳት እንደ ግንብ ጡብ ተደርድረው፣ እያንዳንዳቸው ኑክሊየሳቸውን ይዘው ብቅ አሉ። መምህር ሕዋስ ግን አላያቸውም። ዓይኑ ክቧ የነበረችበት ቦታ ላይ ቀርቷል። ዙሪያዋ ጥቁር። መካከሏ ባዶ። ስትነካ ሽርተት። ስንት ዓመት ተራርቀው የኖሩት ሁለቱ ትምህርቶች እዚያው መድረክ ላይ፣ ወላጅ ሁሉ እያየ፣ ፊት ለፊት ተገናኙ። ሰውየው ኩም አለ። «የቀረውን… ባልደረባዬ ታስረዳችኋለች» ብሎ ወርዶ ባለቤቱ አጠገብ ተቀመጠ።

ቤት ሲደርሱ እህል አልቀምስ አለ። አማቱ ከወንበራቸው ሆነው ሊያጽናኑት ሞከሩ።

«ልጄ፣ አንዲት ሕዋስ ሞተች ብለህ እንዲህ መሆን አለብህ? ሁለት እየሆኑ ይባዛሉ ስትል አልነበረም?»

«አልሞተችም፣ እማማ» አለ። «ቀድሞውንም አልነበረችም።»

ይህን ሲል ፊቱ የልጅ ፊት ሆነ። ባለቤቱ የምትተረትረውን ስፌት አቆመች።

«ሰኞ አልገባም» አላት። «ተማሪዎቹን በምን ዓይኔ ነው የማያቸው? ዕድሜዬን ሙሉ አየር ሳወራላቸው ኖርኩ! ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? የመጀመሪያዬ የትኛዋ እንደነበረች እንኳ አላውቅም። ኮሌጅ እያለሁ ያየኋቸውን ሁሉ ከእሷ ጋር እያወዳደርኩ ንቄያቸዋለሁ።»

«አንድ ነገር ልንገርህ?» አለች ባለቤቱ። «ግን እንዳትጮህ።»

«ከዚህ በላይ ምን ትነግሪኛለሽ?»

«እኔ ያን ቀን አረፋውንም አላየሁትም።»

ቀና አለ። «ታዲያ ምንድን ነው ያየሽው?»

«ሽፋሽፍቴን።»

«ምን?»

«ዓይኔን መስታወቱ ላይ ለጥፌው ነበራ! ጥቁር ጥቁር ነገር ዓይኔን ባርገበገብኩ ቁጥር ብድግ ቁጭ ይላል። ከዚያ አንተ ‹ተንቀሳቀሰች አይደል?› አልከኝ። ታዲያ ተንቀሳቅሶ የለ? አልዋሸሁህም እኮ!»

«እና እስከ ዛሬ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ?»

«የዛን ቀን ፊትህን ብታየው አንተም አትናገርም ነበር። ጉልበትህ እየተንቀጠቀጠ እንደዚያ ደስ ብሎህ ቆመህ፣ ‹እኔ ሽፋሽፍት ነው ያየሁት› ልበልህ? ከዚያ ተጋባን። ከተጋቡ በኋላ ደግሞ ስለ ሽፋሽፍት የሚወራበት ጊዜ የት አለ?»

ዓይናቸውን ጨፍነው የተኙ የመሰሉት አማት አንድ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ሁለታችሁም ምንም ሳታዩ ነው የተጋባችሁት ማለት ነው?» አሉ። «እንግዲህ ከማንም አታንሱም።»

መጀመሪያ የባለቤቱ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ እሱ ሳቁ በአፍንጫው አመለጠው፤ ከዚያ በኋላማ ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ሰኞ እዚያው አለች፣ እሱም «አልገባም» እንዳለ ነው።

«እሺ፣ ቅር» አለችው። «ግን እኔ እስካሁን ሕዋስ የምትባል አላየሁም። የመምህር ሕዋስ ሚስት ተብዬ ሳላይ ልቅር? መጀመሪያ አሳየኝ።»

እሑድ የቤተ ሙከራውን ቁልፍ ይዞ ወሰዳት። የትምህርት ቤቱ ግቢ ጭር ብሏል። «አፍሽን ክፈቺ» አላትና የጉንጯን ውስጥ በለስላሳ ስንጥር ፋቅ አደረገ። የተፋቀውን መስታወት ላይ ቀባው፣ ሰማያዊ ማቅለሚያ ጠብ አደረገበት። ስሱን መስታወት ሊከድን ሲል ግን እጁን ሰበሰበ። አረፋ የፈራ እጅ ነው።

«ወዲህ በል» አለችው። መርፌዋን ከአንገትጌዋ ነቀለች። መስታወቱን በአንድ ጠርዙ አስደግፋ፣ ከሥሩ በመርፌው እየያዘች፣ ውድ ጨርቅ የምታጥፍ ይመስል ቀስ አድርጋ አስተኛችው። አንዲት አረፋ አልገባችም።

እሱ ቀድሞ አየ። ሰማያዊ ነገር ናት፤ ቅርጿ ያልተስተካከለ፣ ጠርዟ እጥፍጥፍ ያለ፣ ከመቀስ ሥር የወደቀች ቁራጭ ጨርቅ ብትባል ይሻላል። መካከሏ ላይ ግን ጠቆር ያለች ነጥብ አለች። ድሮ ቢሆን ንቆ ያልፋት ነበር። አሁን ግን ጎንበስ እንዳለ ቀረ።

«እኔም ልይ እንጂ!» አለችና ገፋ አደረገችው።

«ምን ይታይሻል?»

«ሽፋሽፍቴ።»

«ራቅ በይ። ዓይንሽን አትለጥፊው።»

ራቅ አለች። «መሐሏ ላይ ነጥብ አለች።»

«ኑክሊየሷ ናት። አዛዧ።»

«ይቺ እኔ ነኝ?»

«አንቺ ነሽ።»

«አረፋ አለመሆኔን በምን አወቅክ?»

«አረፋ ብትሆኚ» አለ፣ «መካከልሽ ባዶ ይሆን ነበር።»

ሰኞ ክፍል ሲገባ ከኋላ ወንበር አንዱ «አረፋ!» ብሎ ሹክ አለ፣ ሌላው ሳቁን በእጁ አፈነ። መምህር ሕዋስ ሰሌዳው ላይ ትልቅ ዜሮ ጻፈ።

«ይህ የኔ ውጤት ነው» አለ። «የነገርኳችሁ ታሪክ ስህተት ነበር። አረፋ አይቼ ሕዋስ ነው ብያለሁ፣ በራሴ ሕግ ወድቄያለሁ።»

ከዜሮው አጠገብ ጠርዟ የተጣጠፈ፣ ቅርጿ የማያምር ነገር ሳለ፤ መካከሏ ላይ አንዲት ነጥብ አስቀመጠ። ጠመኔውን አስቀምጦ እጁን ጠረገ። የፊት ወንበር ላይ ያዛጋ አልነበረም።

«የመጀመሪያዋን ሕዋሴን ያየሁት ትናንት ነው» አለ። «የባለቤቴ ናት።»

«ተንቀሳቀሰች?» ብሎ ጠየቀ ያው ባለ ሹክሹክታ።

«አልተንቀሳቀሰችም» አለ መምህር ሕዋስ። «ጉልበቴ ግን እንደዚያው ነው የተንቀጠቀጠው።»