ሃያ አራት ዙር

የትምህርት ቤቱ ደወል ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የብረት ቁራጭ ነው። የሚመታው ሰውዬ፣ የግቢው ጥበቃ፣ በሁለቱም እጁ ሰዓት ያስራል፤ አንዱ ቢቆም ሌላው እንዲደርስለት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንዴም ቀድሞ፣ አንዴም ዘግይቶ አያውቅም። መምህራኑ ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉት በእሱ ነው። ሰፈርተኛው ግን የሚያውቀው በሌላ ነገር ነው፤ «ሃያ አራት» ይለዋል።

ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣለትም። በወጣትነቱ ሯጭ ነበር፣ ያውም የዋዛ ያልሆነ። በአንድ ትልቅ የአሥር ሺህ ሜትር ውድድር ላይ ሃያ አምስት ዙር መሮጥ ሲገባው፣ ሃያ አራቱን በአንደኝነት ጨርሶ እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ ቆመ። ሌሎቹ በአጠገቡ ሽው ብለው አለፉ። በማግስቱ ጋዜጣው «አንድ ዙር ሲቀረው ወኔው ከዳው» ብሎ ጻፈ። እሱ የመጨረሻውን ዙር መጀመር የሚያበስረው ደወል አንድ ዙር ቀድሞ እንደተደወለ ቢምል ቢገዘት ሰሚ አላገኘም። በዚያ ጩኸት መሃል ደወል ሰማሁ የሚል ከየት ይምጣ! ደዋዩም ሙልጭ አድርጎ ካደ። ከዚያ ወዲህ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደወሉ መደወሉን ከልቡ አምኖ የሚነግረው ሰው። ሚስቱ እንኳ «እሺ፣ ተደውሏል፤ አሁን ብላ» ነው የምትለው። ይሄ ደግሞ ማመን አይባልም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንዲት ጋዜጠኛ ላፕቶፗን ይዛ የጥበቃ ክፍሉ ድረስ መጣች። ስለተረሱ ሯጮች ፊልም እየሠራች ነው።

«ጋሼ፣ የውድድሩን ቀረጻ ከነድምፁ አግኝቼዋለሁ።»

«ደወሉ አለ?»

«እርስዎ ራስዎ ይስሙት።»

ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገችለት። አንድ እግረ ቀጭን ልጅ ከፊት ይሮጣል፤ ራሱ መሆኑን ለማወቅ ጊዜ ወሰደበት። ሃያ ሦስተኛው ዙር አለቀ። ይሄኔ ከጩኸቱ ሥር ደወሉ ጥርት ብሎ ተሰማ።

«ሰማሽ?» ብሎ ጮኸ፤ ማዳመጫው እሱ ጆሮ ላይ መሆኑን ረስቶ።

«ሰምቼዋለሁ ጋሼ። እውነትዎን ነው።»

ሠላሳ አንድ ዓመት የጠበቃት ቃል ይቺው ናት። ደስ አለው፣ ደስታውንም አልደበቀም። «ቀረጻውን ድገሚልኝ» አላት፤ ደገመችለት። በሦስተኛው ግን ዓይኑ ከራሱ ተነስቶ ከኋላው ወደሚከተለው ልጅ ሄደ። ያ ልጅ ደወሉን ሲሰማ ቀና ብሎ ደዋዩን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ በዚያው ፍጥነቱ ቀጠለ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሌሎቹም አልፈጠኑም።

ሰውዬው ማዳመጫውን አወለቀ። አፈረ።

«እነሱ ዙሩን ይቆጥሩ ኖሯል» አለ።

«ጥፋቱ የደዋዩ ነው እኮ። ፊልሙም የሚለው ይህንኑ ነው።»

«ደወሉ ተደውሏል በይ። እኔ አለመቁጠሬንም ጨምሪበት።»

«እሱን ማን ጠየቀዎት ጋሼ? ባይገባ ይሻላል።»

«ካልገባ ፊልሙም ይቅር።»

በሩ ተከፈተ። ዳይሬክተሯ ናት። «ምነው ዛሬ፣ በደህና ነው?»

ሰውዬው ሰዓቶቹን አየ። ሁለቱም አንድ ነገር ነው የሚሉት፤ የእረፍቱ ሰዓት አልፏል። ብድግ ብሎ እየሮጠ ሄዶ ብረቱን መታ፤ ልጆቹ ከየክፍሉ ተግተልትለው ወጡ። ዳይሬክተሯ ተከትላው ደርሳ ትከሻውን ነካ አደረገችው።

«አይዞህ፣ ማንም ልብ አላለውም።»

«ስድስት ደቂቃ» አለ፣ እያለከለከ። «እኔ ቆጥሬዋለሁ።»