የመሪጌታ ኩባያ

«ዛሬም ቀንሰዋል!» አለች ሲስተሯ፣ ባለቤቴን ከሚዛኑ እየደገፈች ስታወርዳቸው።

ግራ ገባኝ...

አምና በዚያ ክፉ ቀን ነው። ከመካነ ሰላም የእርዳታ እህል አራግፎ በሚመለስ መኪና ደሴ ወርደን ሆስፒታል ተኝተናል። ባለቤቴ መሪጌታ ናቸው። የጨጓራ ካንሰር ነው ተባሉ። ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ያድናቸዋል አለ፤ ግን በዚህ ሰውነታቸው አይሆንም።

«የተራበ ሰው ሥጋ ስፌት አይዝም። የሰፋነው ጨጓራ ከለቀቀ፣ ከካንሰሩ በፊት እሱ ይገድላቸዋል። መጀመሪያ ሦስት ኪሎ ይጨምሩልኝ» አለኝ።

አገር በረሃብ ሲያልቅ ባልሽን አወፍሪ መባል... ብቻ ሰጡን። ለሳቸው በዱቄት ወተት፣ በዘይትና በስኳር የተሠራ አጥሚት፤ ለኔ ለአስታማሚዋ ደግሞ በውሃ ብቻ። ሁለቱም ኩባያ አንድ ዓይነት ቆርቆሮ ነው። ጠዋት ጠዋት ሁለቱንም አጠገባቸው አስቀምጬ ውሃ ልቀዳ እወጣለሁ። ስመለስ የሳቸው ባዶ ነው። ደስ ይለኝና የኔን እጠጣለሁ። ለራበው አፍ ምን የማይጣፍጥ አለ?

ሚዛኑ ግን ይወርዳል። በመሠረተ ትምህርት ቁጥር ለይቻለሁና እኔው አነበዋለሁ። እንዴት ነው ነገሩ? ነቀርሳው ይሆን እንዴ የሚጠጣው?

በሁለተኛው ሳምንት ሲስተሯ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «ነይ እስቲ አንቺም ሚዛኑ ላይ ውጪ። ስትመጡ መዝኜሻለሁ» አለች።

ወጣሁ። ሦስት ኪሎ ጨምሬአለሁ!

«አንቺ ሴትዮ! የበሽተኛ ምግብ ትበያለሽ?»

«ወላሂ አልነካሁም! ማርያምን!» በሁለቱም ማልኩ። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየኝ።

ያኔ ጎረቤት አልጋ ላይ የተኙት የወረኢሉ ሼህ ቀና አሉ።

«ልጄ፣ እሷን ተያት። ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ኩባያውን የሚለዋውጡት መሪጌታ ናቸው። አይናገሩብኝ ስላሉኝ ነው እንጂ...»

ባለቤቴ ጋቢያቸውን ተከናነቡ። «እኔስ ሟች ነኝ» አሉ ከውስጥ። «ለልጆቹ አንዳችን እንኳ እንትረፍላቸው ብዬ ነው።»

ልቆጣ ወይስ ላልቅስ... «ሳያማክሩኝ!» ብቻ አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲስተሯ ፊታቸው ቆማ «ጓድ መሪጌታ፣ ይጨልጡ!» ማለት ያዘች። ኪሎው ሞላ፤ ቀዶ ጥገናው ተደረገ።

አሁን ደግሞ ሌላ ጉድ! «አየር እስኪወጣቸው ጠብታ ውሃ እንዳታቀምሻቸው። አንጀታቸው ሥራ መጀመሩን በሱ ነው የምናውቀው» ተባልኩ። እስከ ትናንት ጠጡ፣ ዛሬ አይጠጡ!

«የምን አየር?»

ሲስተሯ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ነገረችኝ። ምነው እቴ! መሪጌታን?

በሦስተኛው ቀን ከንፈራቸው ደርቆ «በሞቴ... አንድ ጉንጭ» አሉኝ።

እናንተዬ፣ በሞቴ ተብሎ እምቢ የሚል ሰው አገራችን አለ? ኩባያውን አነሣሁ... ያው ሲለዋውጡት የከረሙት ኩባያ ነው። ሐኪሙ ስለ ስፌቱ ያለኝ ትዝ አለኝና መልሼ አስቀመጥኩት።

«አሁን ተራዬ ነው፣ እኔ እምቢ ልበልዎ» አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩብኝ።

በማግስቱ ጠዋት ከብርድ ልብሱ ሥር አንድ ድምፅ ሰማሁ። ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ደገሙት!

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ሼሁ።

እኔ እልል አልኩ። ያን ዓመት ለሰርግም ለክርስትናም እልል ያላልኩ ሴት...

መሪጌታ ዛሬ በቀን ስድስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት እየበሉ ማኅሌት ይቆማሉ። ውሃውን መከልከሌን ይቅር ብለውኛል፤ እልልታዬን ግን እስካሁን አልማሩኝም።