ለቅሶ የማያመልጠው ሰው

ሞጣ ውስጥ የለቅሶ ድንኳን በተጣለ ቁጥር ይመጣል። ያቺኑ ግራጫ ጃኬቱን ለብሶ ከሽማግሌዎቹ ጀርባ ይቀመጥና «እግዜር ያጥናችሁ» ይላል፤ ሌላ ቃል ከአፉ አይወጣም። ዘንድሮ ማን ገደለው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ራሱ ይጠየቃል። ለቅሶ ላይ ግን ማንም ሳይጠይቅ ሁሉም ይወራል፤ እሱም ይሰማል። ግማሾቻችን የሟች ዘመድ ይመስለናል፤ ሌሎቻችን ጆሮ ጠቢ ነው ብለን ድምፃችንን እንቀንሳለን።

ባለፈው ሳምንት የሟች ቤተሰብ በሚቀመጥበት ቦታ፣ ጋቢ ደርቦ አገኘሁት። ታናሽ ወንድሙን ቢቸና መንገድ ላይ ገድለውበት ነው። ስልኩ ሲጠራ ወደ ጓሮ ወጣ። እጄን ልታጠብ ወጥቼ ሰማሁት።

«ምን ሁለተኛ የወሬ ምንጭ ትለኛለህ? እኔው ነኝ የቀበርሁት፤ ወንድሜ እኮ ነው!» ትንሽ አዳመጠ። «የዘመድ ቃል አይቆጠርም? እሺ።»

በውጭ ሬዲዮ «ስማቸው እንዳይጠቀስ የፈለጉ የሞጣ ነዋሪ» ሲባል የምንሰማው እሱ መሆኑን ያኔ አወቅሁ።

ማመሻውን አንዱ ለቀስተኛ ያንኑ ሬዲዮ ከፈተ።

«በቢቸና መንገዱ ግጭት ሰው ስለመሞቱ ማረጋገጥ አልቻልንም» አለ ጋዜጠኛው።

የሰውየው እናት ከጎኑ ደረታቸውን ይደቃሉ።