ለተዝካር የመጡት ሙክቶች

መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመት፣ የሞተር ወፍጯችን ናፍጣ እንዳያጣ ብለን መሐል ሜዳ ከተማ ላይ በአክሲዮን አንዲት ማደያ አቆምን። ኋላ አንድ የነዳጅ ነጋዴ ድርሻችንን በየቤታችን እየዞረ ይገዛ ጀመር። እኔ አልሸጥም ብዬ ቆየሁ።

የባለቤቴ ተዝካር ሲደርስ ነጋዴው ሁለት ሙክት አስነድቶ መጣ። ድግሱ ሲያበቃ የድርሻ መሸጫውን ወረቀት አወጣ።

«አባቴ፣ እርስዎ ብቻ ቀሩ።»

ሙክቱን አርጄ እንዴት እምቢ ልበለው? ይሉኝታ ያዘኝና ፈረምኩ።

«ንግድ ማለት እኮ ሰው በቸገረው ቀን መድረስ ነው» አለኝ እየሳቀ።

ወር ሳይሞላው የማደያውን መቅጃ ነቅሎ ደብረ ብርሃን ወሰደው። ወፍጮው ቆመ። እናቷ በቃኝ ብላ ያወጣችውን የድንጋይ ወፍጮ ልጄ መልሳ አስገባችው። ገብሱን ስትፈጭ ቀና ብዬ አላያትም።