ሶፋውና የቀኝ መስመር

ክለቡ ግብ ጠባቂ አጥቶ አያውቅም። አጥቂ ዝናብ እንዳገኘ እንጉዳይ ይፈላለታል። የግራ ተከላካይማ ተርፎት ለጎረቤት ክለብ ያውሳል። የቀኝ ተከላካይ ሲባል ግን እንኳን ጥሩው መጥፎውም አይበረክትለትም። ፕሬዚዳንቶች ተሹመው ተሽረዋል፣ የስታዲየሙ ጣሪያ ዝጎ ተቀይሮ እንደገና ዝጓል፤ የቀኝ መስመሩ ግን እንደ ተከራይ ቤት አንዱ ሲወጣ አንዱ ሲገባ ይኖራል።

ያልተሞከረ ነገር የለም። አንዱ የአጭር ርቀት ሯጭ ነበር፤ መሮጥ እንጂ መቆም አያውቅምና ኳሷን እየገፋ በማዕዘኑ አልፎ በዋናው በር ወጣ። ዘበኛው "ደህና ዋል" አለው፣ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። ሌላው በጨዋታ መሃል ማሊያውን አውልቆ የማዕዘን ባንዲራው ላይ ሰቀለና ታክሲ ጠርቶ ቤቱ ገባ። አንዱ ደግሞ እስከ ዛሬ በመንገድ ቀኝ በኩል መሄድ አይሆንለትም ይባላል፤ ቤቱ በቀኝ በኩል ስለሆነ እናቱ ጋ ነው የሚያድረው።

ከሁሉም የተሻለው ከባህር ማዶ የመጣው ነበር። የአገሩን ቋንቋ አንዲት ቃል አያውቅም፤ መጣ፣ ቆመ፣ እንደ ግንብ አላሳልፍ አለ። ደጋፊው "ተገኘ!" ብሎ ሲጨፍር ሦስት በጎ አሳቢዎች ግን አዘኑለት። "ይሄ ምስኪን እኮ ምክራችን አይገባውም" አሉና ተራ ገብተው ቋንቋ ያስተምሩት ጀመር። ቋንቋው በገባው ሳምንት ሻንጣውን ሸከፈ።

የሦስቱ አውራ ጋሽ ሶፋ ናቸው።

ጋሽ ሶፋ ከስታዲየሙ ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ ሶፋ ይሠራሉ፣ ያረጀም ያድሳሉ። ስፖንጅ ይቆርጣሉ፣ ጨርቅ ይወጥራሉ፣ ትንንሾቹን ሚስማሮች በከንፈራቸው ይዘው አንድ በአንድ እየመዘዙ ይመታሉ። አፋቸው ሳምንቱን ሙሉ ሚስማር ስለሚጎርስ ሊናገሩት የፈለጉት ሁሉ ሆዳቸው ውስጥ ይጠራቀምና እሁድ ከሰዓት በቀኝ ተከላካዩ ላይ ይዘረገፋል። የተቀያሪዎቹን ወንበር በነፃ ስላለበሱለት ክለቡ አንድ መብት ሰጥቷቸዋል፦ የገዛ ሶፋቸውን ከመስመሩ ጥግ አስቀምጠው ያያሉ። በአንድ ጎናቸው ፀጉር አስተካካዩ ይቀመጣል፣ በሌላው ጡረታ የወጡት የሂሳብ መምህር። ሦስቱም የሚያዩት አንድ ተጫዋች ብቻ ነው።

"ውጣ! ውጣ እንጂ! ተተክለህ ቀረህ እንዴ?" ይላሉ ጋሽ ሶፋ።

"አትውጣ! ከኋላህ ሰው አለ!" ይላል ፀጉር አስተካካዩ።

"ማዕዘኑን አጥብበው ልጄ፣ ማዕዘኑን!" ይላሉ መምህሩ።

ከእረፍት በኋላ ቡድኖቹ ቦታ ሲቀያየሩ የቀኝ ተከላካዩ ወደ ማዶኛው መስመር ይሻገራል። "ተገላገልኩ" ብሎ ትንፋሹን ሳይሰበስብ ሦስቱ ሶፋቸውን ተሸክመው፣ በጎሉ ጀርባ ዞረው፣ እያለከለኩ ይደርሱበታል። ዳኞቹም ለምደውታል፤ ሶፋው መሬት ሳይነካ ፊሽካ አይነፉም።

የአሁኑ ልጅ ግን ሰነበተ። አንድ ቀን "ጋሼ፣ እባክዎ ድምፅዎን ትንሽ ቀነስ ያድርጉልኝ" ሊል ሱቁ መጣና የጋሽ ሶፋ ልጅ ስፌት መኪናው ላይ ጎንበስ ብላ አያት። የመጣበትን ረስቶ ትራስ አዘዘ። በማግስቱም ትራስ አዘዘ። ቤቱ በትራስ ተሞልቶ መግቢያ ሲያጣ አገባት። ዛሬ ሴት ልጅ ወልደዋል፤ ሕፃኗ የቀን እንቅልፏን የምትተኛው በሱቁ ጥግ፣ በስፖንጅ ቁርጥራጭ ላይ ነው። ጋሽ ሶፋ የመዶሻቸውን አፍ በጨርቅ ጠቅልለው መምታት የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው።

አንድ ሐሙስ ልጃቸው መቀሷን አስቀመጠችና "አባዬ፣ ስማኝ" አለች። "ውሉ ሊያልቅ ነው። እሁድ ጥሩ ካልተጫወተ አሰልጣኙ አላድስም ብሏል። የሩቅ ከተማ ክለቦች እየጠሩት ነው። ሕፃኗን ይዘን መሄዳችን ነው።"

ጋሽ ሶፋ ሚስማራቸውን እጃቸው ላይ ተፉ። "ማን ነው የሚሄደው? እሁድ እኔ ራሴ አጫውተዋለሁ! ጉሮሮዬ እስኪበጠስ..."

"እሱን ነው የምልህ። እሁድ ዝም በልልኝ።"

"እኔ?"

"አዎ፣ አንተ።"

"ያለ እኔ እኮ ያ መስመር በሩ የተከፈተ ቤት ነው!"

ባለቤታቸው ከጓዳ ብቅ አሉ። "ኧረ ተው አንተ ሰውዬ! ስንቱን የሰው ልጅ አባረርክ! ያ የባህር ማዶው ልጅ እንኳን አጥርቶ የለመዳት ቃል 'በቃኝ' ነበረች።"

ጋሽ ሶፋ መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሕፃኗ በእንቅልፏ ፈገግ አለች። አፋቸውን ገጠሙና እሁድ ዝም ሊሉ በሷ ማሉ፤ ሁለቱን ጓደኞቻቸውንም ዝም እንዲሉ ለመኑ።

እሁድ ደረሰ። ፀጉር አስተካካዩ አፉን የሚያስይዝበት ሙሉ ዳቦ ይዞ መጣ። መምህሩ ጀርባቸውን ለሜዳው ሰጥተው ተቀመጡ። ጋሽ ሶፋ ሚስማር ጎረሱ። በዚያ ስታዲየም እንዲህ ያለ ዝምታ ተሰምቶ ስለማያውቅ ተመልካቹ "ማን ሞተ?" እየተባባለ ይጠያየቅ ጀመር፤ አንዳንዱም ለማንኛውም ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ።

ግራ የገባው ግን አማቻቸው ነው። ኳስ ወደሱ ስትመጣ ወደፊት ይራመዳል፣ ሶፋውን ያያል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ያያል። የተቃራኒው ክንፍ ተጫዋች እንደ መብራት ምሰሶ ዞሮት አለፈና አሻማ፤ ጎል። የእጅ ውርወራ ሲገኝ ልጁ ኳሷን አቅፎ ሶፋው ድረስ መጣ።

"ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ? አንድ ነገር ይበሉኝ እንጂ!"

"እምምም" አሉ ጋሽ ሶፋ።

"ተጣላን እንዴ?"

"እም-እም።"

ዳኛው ጊዜ አባከንክ ብሎ ቢጫ አሳየው።

በእረፍት ሰዓት ልጁ መልበሻ ክፍል አልገባም። ሦስቱ ሶፋውን ተሸክመው ከጎሉ ጀርባ ሲደርሱ ተከትሏቸው አንዱን ጫፍ ያዘ።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፣ አይቀየሙኝ። እኔ እዚህ ክለብ የሰነበትኩት በእርስዎ ነው።"

ጋሽ ሶፋ ሚስማሩን ተፉና ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ። "አላልኳችሁም?"

"'ውጣ' ሲሉኝ እቆማለሁ፤ 'ቁም' ሲሉኝ እወጣለሁ" አለ ልጁ። "ሌሎቹ የሚሉትን ሰምተው ነው የጠፉት። እርስዎ አንድ ቀን ስተው አያውቁም፤ ምንጊዜም ትክክሉ የተናገሩት ግልባጭ ነው። ዛሬ ዝም ሲሉኝ ጨለመብኝ።"

ሶፋው ከጋሽ ሶፋ እጅ አምልጦ የፀጉር አስተካካዩ እግር ላይ ወደቀ። ዳቦው አፉን ስለሞላው ሰውዬው በቅጡ እንኳን መጮህ አልቻለም።

"ምንጊዜም?" አሉ ጋሽ ሶፋ።

"ምንጊዜም" አለ ልጁ በአክብሮት።

ሶፋው ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ። ፊታቸው እንደ አሮጌ ስፖንጅ ጠቆረ። መምህሩ ጠጋ ብለው "ደግሞ ምለሃል፣ እንዳትረሳ" አሏቸው።

"በሷ የማልኩት ለሷ ብዬ ነው" አሉ ጋሽ ሶፋ ቀና ብለው። "ተነሱ፣ ተሸከሙ!"

ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ግን ብልጥ ልሁን አሉ። ግልባጩን የሚሠራ ከሆነ እኔም ገልብጬ ልንገረው ብለው፣ እንዲወጣ ሲፈልጉ "ቁም!" ብለው ጮኹ። ልጁ ወጣ። በተወው ክፍት ቦታ ኳስ ገብታ የጎሉን ቋሚ መትታ ተመለሰች።

መምህሩ ብድግ አሉ። "አንተ ሰውዬ! ነጋቲቭ በነጋቲቭ ሲባዛ ፖዘቲቭ ነው! ገልብጠህ ነገርከው፣ እሱ መልሶ ገለበጠው፤ ያው ያንተው ሐሳብ ሆነ ማለት ነው።"

"ታዲያ ጥሩ አይደል?"

"ያንተ ሐሳብማ... ሰማኸው እኮ።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"ከልብህ ተሳሳት!"

ከልብ መሳሳት አውቀው ሲሞክሩት ከባድ ነው። ጋሽ ሶፋ የተነገራቸውን ሁሉ ለመርሳት ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፣ እንደ ድሮው ጨዋታውን የሚያውቅ እሳቸው ብቻ እንደሆኑ ራሳቸውን አሳመኑ። ይሄኛው ብዙም አላስቸገራቸውም። "ጠጋ በለው! ሽሽ! ልቀቅ! ያዝ!" ልጁ ጠጋ ሲባል ይሸሻል፣ ልቀቅ ሲባል ይይዛል፤ ያ የክንፍ ተጫዋች በቀኝም በግራም ሞክሮ ሲያቅተው ተቀይሮ ወጣ። ከማዕዘን ምት አቻ ሆኑ።

ሊያልቅ ሲል ኳሷ መሃል ሜዳ ላይ ልጁ እግር ገባች። ጋሽ ሶፋ ዕድሜ ልካቸውን ያመኑበት አንድ ነገር ቢኖር የቀኝ ተከላካይ መሃሉን መሻገር እንደሌለበት ነው። ሶፋው ላይ ቆሙ።

"ተመለስ! በልጅህ ይዤሃለሁ፣ ተመለስ!"

ልጁ ሄደ። አንዱን አለፈ፣ ሌላውን አለፈ። የተቃራኒው ግብ ጠባቂ ጋሽ ሶፋን አምኖ፣ አሁን ይመለሳል ብሎ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ነበርና ኳሷ በአጠገቡ ስታልፍ በዓይኑ ሸኛት።

ሰኞ ውሉ ታደሰ። አሰልጣኙም ለጋዜጠኞች ይህ የረጅም ጊዜ ዕቅዳችን ውጤት ነው አሉ።

በዚያው ሳምንት ባልና ሚስቱ ሰፋ ያለ ቤት መፈለግ ጀመሩ፤ ሁለት ተገኘላቸው። አንዱ ከሱቁ ፊት ለፊት ነው፤ ሌላው ከመጨረሻው የአውቶቡስ ፌርማታ አልፎ፣ ከተማው አልቆ ሜዳው የሚጀምርበት ነው። አማቻቸው ሱቁ መጥቶ ቆመ።

"ጋሼ፣ የትኛው ይሻለናል?"

ጋሽ ሶፋ ላብ አጠመቃቸው። የቅርቡን ቢሉት ይገለብጥና የሩቁን ይይዛል። የሩቁን ቢሉት ደግሞ... የመምህሩን ሂሳብ በጣታቸው ሊሠሩት ሞከሩ፣ ተወሳሰበባቸው።

"የሩቁ" አሉ በመጨረሻ፣ ዓይናቸውን ከፊት ለፊቱ ቤት ሳይነቅሉ። "አየሩ ጥሩ ነው። ሂዱ።"

ልጁ ፊታቸውን አየና ሳቁን ዋጠ። ሚስቱ ግን ምክሩን አልጠበቀችም፤ ሕፃኗን አዝላ መንገዱን ተሻግራ የቅርቡን ቤት መስኮት እየከፈተች ነበር።