ልጄን የፈራሁባቸው ወራት

በወለድሁ በዘጠነኛው ቀን ልጄ ሲያለቅስ ሰማሁና የጎረቤት ልጅ መሰለኝ። ጡቴ አግቶ ቀሚሴን ያርሰዋል፤ እኔ ግድግዳውን አያለሁ። አማቴ እትዬ ብርነሽ ልጁን አንሥተው ሲሰጡኝ እጄ ተቀበለው። ልቤ አልተቀበለውም። የሕመሜ መጀመሪያ ይህ ነው። እንደ እኔ የሆነች ሴት ምልክቱን ታውቀው ዘንድ ከዚህ እጀምራለሁ።

ዘመኑ የንጉሡ ነበር። የምንኖረው ዳባት ነው፤ ባለቤቴ ተሰማ መምህር ነበር። እኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ልጁ የበኩር ልጃችን ነው፤ ጤነኛ፣ ድምፁ ጎላ ያለ። አጥሚቱም፣ ገንፎውም፣ ጠያቂውም ሞልቶ ነበር። ይኸው ደግሞ አባሰብኝ። ምን ጎደለኝ ብዬ ልናገር?

መጀመሪያ እንቅልፍ ሄደ። ቀጥሎ የምግብ ጣዕም ሄደ። ከክርስትናው በኋላ ሐሳቡ መጣ።

ሐሳቡን ሳልሸፍን እጽፈዋለሁ፤ እኔን ያሠቃየኝ ይህ በእኔ ብቻ የደረሰ መስሎኝ ነውና። ከጓሮ የውኃ ጉድጓድ ነበረን። ልጁን እዚያ ስጥለው ይታየኝ ነበር። አልፈልገውም። ሳልፈልገው ይመጣል። ሳጠባው ይመጣል። ስጸልይ ይመጣል። ወገቤን አመመኝ ብዬ ውኃ መቅዳት ተውሁ።

እትዬ ብርነሽ «የሰው ዓይን ነው» አሉ። ሁለት ሳምንት ጠበል ተጠመቅሁ። የነፍስ አባቴ በርኅራኄ፣ «ልጄ፣ የከበደሽ ነገር ካለ ንገሪኝ» አሉኝ። «የለም፣ አባ» አልኋቸው። ለካህን ዋሸሁ። ከዚያ ወዲያ መዳን ለእኔ አይደለም ብዬ ቆረጥሁ። በልጁ ላይ ክፉ ከማደርግ እኔ ብሞት ይሻላል ማለት ጀመርሁ።

አንድ ረፋድ እትዬ ብርነሽ ልቅሶ ሄዱ። ልጁና እኔ ብቻ ቀረን። አለቀሰ። አነሣሁት። እግሬ ወደ ጓሮ ሄደ። የጓሮው በር ላይ ቆምሁ። ምን ያህል እንደ ቆምሁ አላውቅም። ተመለስሁ። ልጁን ወለሉ ላይ፣ ቁርበት ላይ አስተኛሁት። ወጣሁ። በሩን ከውጭ ቆለፍሁ። ሮጥሁ።

ትምህርት ቤቱ ሩቅ አልነበረም። ተሰማ ሒሳብ ያስተምር ነበር። ቁልፉን በመስኮቱ ዘረጋሁለት።

«ልጁን ከእኔ ውሰደው» አልሁት።

ጠመኔውን እንደ ያዘ ወጣ። ተማሪዎቹ ሁሉ አዩኝ። ቤት ስንደርስ ልጁ ተኝቷል። ተሰማ ታቅፎት ደፉ ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። እኔ አላለቀስሁም። ዕንባም አልነበረኝ።

በማግሥቱ በጭነት መኪና ደባርቅ ወሰደኝ፤ እትዬ ብርነሽ ልጁን አዝለው አብረውን መጡ። ጤና ጣቢያው ውስጥ የነበሩት አቶ ይርጋ የሚባሉ ጤና መኮንን ናቸው፤ አገሬው ግን ዶክተር ይላቸው ነበር። ባለቤቴንና አማቴን ደጅ እንዲቆዩ ለምነው በሩን ዘጉ። ስለ እንቅልፌ፣ ስለ ምግቤ ጠየቁኝ። ቆይተው፣

«እህቴ፣ ልጄን እጎዳለሁ የሚል ሐሳብ ይመጣብሻል?» አሉኝ።

ሳል አለሽ ወይ እንደ ማለት ነው የጠየቁኝ። አዎ አልሁ። ራስሽንስ? አዎ። ጻፉት። አልጮኹም፣ አላማተቡም።

«ይህ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ በሽታ ነው። ዲፕሬሽን ይባላል። ኃጢአት አይደለም። እስኪሻልሽ ግን ከልጁ ጋር ብቻሽን አትቀሪም። ይህን ለቤተሰብሽ ልንገራቸው፤ ትፈቅጃለሽ?»

ፈቀድሁ።

ኢሚፕራሚን የሚባል ክኒን ከጎንደር አስመጡልኝ። አፍ ያደርቃል፤ ለመሥራትም ሳምንታት ይፈልጋል። እንቅልፌን የመለሰልኝ እሱ ነው። የቀረውን የሠራው ንግግር ነው። ረቡዕ ረቡዕ ደባርቅ እየሄድሁ ፊታቸው እቀመጥ ነበር። «እኔ የአእምሮ ሐኪም አይደለሁም፤ የማላውቀውን ጎንደር ያሉትን አስተማሪዬን በደብዳቤ እጠይቃለሁ» አሉኝ። አላውቅም በማለታቸው አመንኋቸው።

አምስት ሳምንት ምንም አልተለወጠም። በስድስተኛው ስለ እናቴ ጠየቁኝ። እናቴ ስድስት ዓመቴ ሳለ ታናሽ ወንድሜን ወልዳ በአራስነቷ ሞታለች። ሕፃኑ ሲያለቅስ ሰዉ «እናቱን በልቶ ደግሞ ያለቅሳል» ይል ነበር። እሱም ብዙ አልቆየ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ስናገረው የማላውቀው ድምፅ ከጉሮሮዬ ወጣ። ያን ቀን አለቀስሁ።

ተሻለኝ ስል ወደቅሁ። አቶ ይርጋ ለፈንጣጣ ክትባት ጃናሞራ ወጡና አንድ ወር ቆዩ። ሐሳቡ ተመለሰ። እህል ዘጋሁ። ሦስት ቀን ከአልጋ አልወረድሁም። ሲሄዱ «የሚመጣብሽን ጻፊልኝ» ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን መጻፍ አልችልም ነበር። ተሰማ «እኔ ልጻፍልሽ» አለ። እሱ እንዲሰማው የማልሻው ነገር ነበረ።

«ፊደል አስተምረኝ» አልሁት።

ከአልጋዬ ሳልነሣ ሀሁ ጀመርሁ። በወሩ መጨረሻ በራሴ እጅ የጻፍሁት እንዲህ ይላል፦ ዛሬም መጣ። አለፈ።

አቶ ይርጋ ተመልሰው አነበቡትና «ማለፉን ማን ነገረሽ?» አሉኝ።

«ራሴ አየሁት» አልኋቸው።

ከዚያ ወዲህ መዳኔ እንደ ሕፃን እርምጃ ነበር፤ እትዬ ብርነሽ ደፍ ላይ ቆመው እያዩኝ የልጁን እግር አጠብሁ፣ ቀጥሎ እሳቸው ግቢ ወጥተው ሙሉ ገላውን አጠብሁ፣ በሰባተኛው ወር ደግሞ ከጧት እስከ ቀትር እኔና እሱ ብቻችንን እየተጫወትን መዋል ጀመርን። አንድ ዓመት በየሳምንቱ፣ ሌላውን ዓመት በወር በወሩ ደባርቅ ተመላለስሁ። ሕመሙ ከለቀቀኝም በኋላ መመላለሱን ያልተውሁት፣ ጭንቀቴን ገና ትንሽ ሳለ መናገርን፣ አማቴን «ደክሞኛልና ያዙልኝ» ማለትን፣ ለነፍስ አባቴም እውነቱን መንገርን የተማርሁት እዚያ ወንበር ላይ ስለሆነ ነው። ከፊደሉም አልፌ አራተኛ ክፍል ተፈተንሁ። ሁለተኛ ልጄን በወለድሁ በአሥረኛው ቀን ያ ክብደት ሲመጣ አልደበቅሁትም፤ በመጣ በሦስተኛው ቀን ደባርቅ ነበርሁ፤ ከዓመት ይልቅ በጥቂት ሳምንት ተነሣሁ። ፍርሃቱ ጨርሶ ለቀቀኝ ግን አልልም። ዛሬም አራስ ልጠይቅ ስገባ ልቤ ይመታል።

ይህን የምታነቢ እህቴ፣ ሐሳቡ ስለ መጣብሽ ክፉ እናት አይደለሽም። ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሪ፤ ያ ሰው ካልገባው ለሌላ ንገሪ። ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ መጸለይሽን ትተዪ ዘንድ የሚያስገድድሽ የለም። ሲሻልሽ ደግሞ ቶሎ አታቋርጪ።

አቶ ይርጋ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወሩ፤ ባሉበት እግዚአብሔር ይስጣቸው። ተሰማ ያን ቀን በተማሪዎቹ ፊት ያደረግሁትን አንድም ጊዜ አንሥቶብኝ አያውቅም። እትዬ ብርነሽ ሰባት ወር ሙሉ ከእኔና ከልጁ አልተለዩም፤ ልቅሶም ሠርግም ቀረባቸው፤ እየጠበቅሁሽ ነው የሚል ቃል ግን ካፋቸው አልወጣም። ከዓመታት በኋላ «ያኔ አልደከመዎትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ደክሞኝማ ነበር» አሉ። «ለማን ልተዋችሁ?»