ቦታ ያጣችው ቅጠል

መሪጌታ ወልደጻድቅ ከአሰላ በላይ፣ በጭላሎ ግርጌ ባለች ቤተ ክርስቲያን ያረጁ የብራና ጸሐፊ ነበሩ። በደርግ ዘመን መጽሐፍ የሚያጽፍ ሰው ሲጠፋ የቆየ ቁጭታቸውን ለመወጣት ተነሡ። የእርሳቸው ቀለም በጥቂት ዓመት ይላጣል፤ የጥንቶቹ ግን እንደ ጠቆረ ይኖራል። ምክንያቱን ለማወቅ ከጥንቱ ተአምረ ማርያም ስፌቷ ተበጥሶ የወጣች አንዲት የብራና ቅጠል ተውሰው አምሳያዋን መሥራት ያዙ። የፍየል ቆዳ ወጥረው ፋቁ፤ ጥላሸትና ያረረ ገብስ ደቁሰው አቦኩ። ደጋግሞ ከተበላሸባቸው በኋላ አንድ ቀን ቀለሙ ብራናው ውስጥ ሰረገ። ደስ ብሏቸው የጥንቷን ቅጠል የቤተ ክርስቲያኗን ንብረት ለሚጠብቁት ለገበዙ ለቄስ ገብረኪዳን መለሱ፤ እርሳቸውም ሳትሰፋ መጽሐፉ ውስጥ ሸጎጧት።

በዓመቱ ቅርስ መዝጋቢዎች እንደሚመጡ ተነገረ። ገበዙ መጽሐፉን ቢገልጡ ቅጠሏ የለችም።

«መሪጌታ፣ የእርስዎን በኩበት ጢስ አጠይመው በቦታዋ ይስፉልኝ።»

«አባ፣ እርሷ መማሪያዬ ናት። በእመቤታችን መጽሐፍ ላዋሽ?»

«እንግዲያው ቅርስ ሸጠ ተብዬ ስታሰር ልጆቼን እርስዎ ያሳድጉልኛል።»

በዚያን ጊዜ የታሰረ ሁሉ እንደማይመለስ ሁለቱም ያውቁ ነበር። ወልደጻድቅ አጠየሟት፤ ሰፏት።

መዝጋቢው በየቅጠሉ ማኅተም እየመታ እርሷ ላይ ሲደርስ ፈገግ አለ። «ይህችስ ጠርዟ አልቆሸሸም፤ ከካህናቱ ጣት ያመለጠች ናት።» ገበዙ አብረው ሳቁ፤ ወልደጻድቅ መሬት መሬት አዩ።

ክረምቱ ሲወጣ ገበዙ የመጽሐፉን የቆዳ ማኅደር ፀሐይ ሊያስመቱ ቢገለብጡት፣ የጥንቷ ቅጠል በእርጥበት ከታቹ ተጣብቃ ተገኘች። በጋቢያቸው ሸሽገው ለወልደጻድቅ አመጧት።

«አልጠፋችም ነበር» አሉ።

«እንመልሳታ፣ አባ።»

«የት? በቦታዋ ማኅተም የተመታባት የእርስዎ አለች። ሁለት ሆነው ከተገኙ አንዷን ለገበያ አዘጋጁ ነው የሚሉን። እርስዎ ጋ ትቆይ።»

«ቤቴ ሲፈተሽስ?»

ገበዙ ቅጠሏን ትተውላቸው ሄዱ።

ቤት ማኖር ሌባ ያሰኛል፤ ማቃጠል ከስርቆትም የከፋ ነው። ወልደጻድቅ ሽፋኑ ላልቷል ብለው መጽሐፉን ተቀበሉ፤ ቆዳውን ከእንጨት ገበታው ፈልቅቀው ቅጠሏን በመካከል አስተኟትና መልሰው ሰፉት።

ከዚያ ወዲህ ተአምሩ ተነቦ ሕዝቡ ሲሰግድ እርሳቸው ወደ ሽፋኑ ይሰግዳሉ። የእጃቸው ቅጠል ከተበላሸች አውጥቶ የጥንቷን በቦታዋ መመለስ የሚከለክል አይኖርም። ስለዚህ ከቅዳሴ በኋላ መጽሐፉን ያስገልጡና፣ ቀለሙ መላጥ ጀምሮ እንደሆነ በጥፍራቸው ጫፍ ዳሰስ ያደርጉታል።

አልጀመረም።